እኔንና ፍየልን አይነካንም

በስምንት ዓመቴ፣ ለአሥራ አምስት ቀን ያህል፣ እናቴ መርዝ ናት ብዬ አምኜ ነበር። ለስድብ አይደለም። እባብ መርዝ አለው እንደሚባለው ሁሉ ተራ እውነት አድርጌ ነው የያዝኩት።

ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ከራሱ አያመነጭም፤ ከትልልቅ ሰዎች አፍ ይለቅመዋል። እኔ የለቀምኩት ከጎረቤታችን ከእትዬ አይሲ በረንዳ ሥር ነው። በረንዳው ከመሬት ከፍ ያለ ስለነበር ከሥሩ ቀዝቃዛ አፈርና የሸረሪት ድር ነበረ፤ የውሻችን መኝታም እዚያው ነበር። ወሩ ግንቦት ነው። ከላይ ሴቶቹ አተር ይፈለፍላሉ። ፍሬው ሳህን ላይ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል፤ አንዳንዱ በጣውላው ስንጥቅ ሾልኮ አናቴ ላይ ይወድቃል፣ እኔም አፈሩን እያራገፍኩ እበላለሁ። አክስቴ ዴልፊ እዚያ መኖሬን አላወቀችም።

«ኦርፋን ተዪኝ» አለች። ኦርፋ እናቴ ናት። «መርዝ ናት። የነካችው ሁሉ ሳይቆስል አይቀርም።»

«ኧረ ዴልፊ! የእናትሽ ልጅ እኮ ናት» አሉ እትዬ አይሲ።

«እሱማ ነው የሚያንገበግበኝ።»

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። አተሩ ብቻ መውደቁን ቀጠለ።

ለሌላ አገር ልጅ ይህ የሐሜት ወግ ነው፤ ሰምቶ ይረሳዋል። በእኛ የኬንታኪ ሸለቆ ግን «መርዝ» የሚባለው አንድ ነገር ነው፤ ባለ ሦስት ቅጠሉ ሐረግ። ሙሉ ስሙን የሚጠራው የለም። «እገሌ መርዝ ውስጥ ገባ»፣ «መርዙ ያዘው» ነው የሚባለው። በአጥሩም በግንዱም ላይ ፀጉራም ገመድ መስሎ ይወጣል። የነካውን ሰው በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ እስኪያጣ ያሳክከዋል፤ ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል። እንግዲህ አክስቴ እናቴን መርዝ ናት ስትላት እኔ የሰማሁት ይኼንን ነው፤ እናቴ ከሐረጉ ወገን ናት ማለት ነው።

ሁለቱ እህትማማቾች ሆድና ጀርባ ከሆኑ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በመካከላቸው አንድ ጅረት ብቻ ነው ያለው፤ የአንዷ ቤት ጭስ ለሌላዋ ይታያል፤ ግን አይነጋገሩም። ምክንያቱን ያኔ አላውቅም ነበር። ሴት አያቴ ስታርፍ እኛ ኦሃዮ ነበርን፤ አባቴ እዚያ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። እናቴ ወሬው ደርሷት ስትመጣ አፈሩ ተመልሶ አበባው ተቀምጦ ጠበቃት። በሰው ሁሉ ፊት እህቷን «አንድ ቀን መጠበቅ አቃተሽ?» አለቻት። አክስቴ አልመለሰችም። ሦስት ክረምት እናቷን ያገላበጠች፣ ያጠበች፣ ያጎረሰች እሷ ነበረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ «እታለም» ብላ የምትጠራትን ታላቅ እህቷን «ያቺ ሴትዮ» ማለት ጀመረች።

መቃብሩን የምናጸዳው በየዓመቱ ለሙታኖቻችን አበባ ከምናኖርበት እሑድ ሳምንት ቀደም ብለን፣ ቅዳሜ ቀን ነው። መቃብሩ ያለበት ጉብታ ላይ የሸለቆው ሰው ሁሉ ይወጣል። ወንዶቹ ሣሩን ያጭዳሉ፤ ሴቶቹ ድንጋዮቹን ይፈትጋሉ፤ የታጨደ ሣር ሽታ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል። አክስቴ አልመጣችም። እሷ እናቴ ባለችበት አትወጣም፤ ሰኞ ብቻዋን ትመጣለች።

በዚያ ዓመት ሐረጉ የሴት አያቴን ድንጋይ ከላይ እስከ ታች ውጦት ነበር። ሰው ሁሉ አየና ወደ ኋላ አለ። እናቴ ግን ሰማያዊ ሽርጧን አጥብቃ አሰረችና በባዶ እጇ ገባችበት። ከሥሩ በዶማ እየቆረጠች፣ ከላይ እየጎተተች፣ ቅጠሉን እንደ ጎመን በክንዷ እያቀፈች አወጣችው።

«ኦርፋ፣ ጓንት የለሽም እንዴ?» አላት አንዱ ከሩቅ።

«ለምኔ? እኔንና ፍየልን አይነካንም!»

ሰዉ ሳቀ። «እስቲ ቀንድሽን አሳዪን!» አለ ሌላው። እናቴም ሁለት ጣቶቿን ግንባሯ ላይ አቁማ እንደ ፍየል ጮኸችለት። እንዲያ ስትስቅ ሳያት ኮራሁባት። ወዲያው ደግሞ የአክስቴ ቃል ትዝ አለኝ። ሌላውን ሁሉ የሚያቆስል እሷን የማይነካት ለምንድነው? እባብ በራሱ መርዝ አይሞትም።

አንድ ጎረምሳ ክምሩን ሊያቃጥል ክብሪት ሲያወጣ አባባ ሆባርት ጮኹ። አባባ የእናቴና የአክስቴ አባት ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን፤ ሰው ሲያወራ አገጫቸውን በዱላቸው ላይ አስደግፈው የሚሰሙ እንጂ ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉ ሰው አልነበሩም።

«ተው! ጭሱ እኮ እሱው ነው! ቆዳህ ላይ ሲወጣስ ታካለህ፤ ሳንባህ ውስጥ ሲወጣ ማን ያክልሃል?»

ልጁ ክብሪቱን ኪሱ መለሰ። ክምሩን በመንሽ እየገፉ ሰው የማይረግጠው ገደል ውስጥ ጣሉት። ዶማው የመቃብሩ ዳስ ውስጥ ተሰቀለ።

ስንወርድ እናቴ እንዳልወድቅ አንጓዬን ጨብጣ ያዘችኝ። የመቃብሩ በር ላይ ጎንበስ ብላ የጉንጬን ላብ በሽርጧ ጫፍ ጠረገችልኝ። ቤት ስንገባ ደግሞ ትንሹ ወንድሜ ሎኒ እያለቀሰ መጣ፤ አነሣችውና እምብርቱን ሽርጧ ላይ ለጥፋ አቀፈችው።

ሰኞ ጠዋት አንጓዬ ላይ ቀይ ቀለበት ወጥቶ አገኘሁት። ልክ እናቴ የያዘችኝ ቦታ። አራት ጣትና አንድ አውራ ጣት ይቆጠር ነበር ማለት ይቻላል። ማክሰኞ ጉንጬ አበጠ። ረቡዕ ሎኒ ሆዱ ላይ ወጣበት። ዓርብ ደግሞ እኔ ክንዴ ላይ አዲስ ወጣብኝ፤ ሐሙስ ዳቦ ስትጋግር ያቀፈችኝ ቦታ ነው። እትዬ አይሲ ሊያዩን መጡና «አታኪው ልጄ፤ ያ የቋጠረው ውሃ ነው የሚያዛምተው» አሉኝ። እኔ ግን አላከክሁትም ነበር። ሌሊት እንዳላክ ብዬ እጄ ላይ ካልሲ አጥልቄ ነበር የምተኛው። ቢሆንም ይወጣል። ስለዚህ ውሃው አይደለም፤ እናቴ ናት።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ነገሩ ያን ያህል የሚያስቸግር አልነበረም። ሐረጉ ወዝ አለው፤ ለዐይን የማይታይ፣ የማይሸት፣ እንደ ቅባት የሚጣበቅ። ወዙ የነካው ቆዳ ስስ ከሆነ ቶሎ ይቆጣል፤ ወፍራም ከሆነ ይዘገያል። በየቀኑ የሚዛመት የሚመስለው ለዚህ ነው። እናቴም ያቺን ሽርጥ በየቀኑ ታስር ነበር። ያኔ ግን ይህን የሚነግረኝ አልነበረም፤ እኔም ለማንም አልተነፈስኩም።

ቅዳሜ ሱቅ ተልኬ ስሄድ አክስቴ ዴልፊን አየኋት። አንገቷ በአንድ በኩል አብጦ ነበር፤ ጣቶቿን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላቸዋለች። «ምን ነካሽ?» አላት ባለሱቁ። «እኔ ምን አውቄ!» አለች፤ «እኔ ስወጣ አንድ ቅጠል አልቀረም ነበር። ጽድት ብሏል። የመቃብሩን አፈር ኮተኮትኩ እንጂ አንድም ቅጠል አልነካሁ።»  እናቴ አጠገቧ እንኳ ሳትደርስ አቁስላታለች።

ከዚያ በኋላ እናቴን መሸሽ ጀመርኩ። ጠዋት ጠጉሬን ልትሠራኝ ማበጠሪያ ይዛ ስትመጣ ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ።

«ነይ እንጂ ኔቫ፤ ትምህርት ቤት ልትሄጂ ነው።»

«እኔ ራሴ እሠራዋለሁ።»

«አንቺ? የፊቱን እንጂ የኋላውን በምን ታዪዋለሽ?»

«በጣቴ።»

ሠራሁት። የቁራ ጎጆ መሰለ። እናቴ ማበጠሪያውን እንደያዘች ቆመች። «ምን አደረግሁሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ልናገር ብል እሷ መርዝነቷን አታውቅ ይሆናል፤ ብታውቀው ደግሞ ታዝናለች። ወዲያው አባቴን ጓሮ በር ላይ «ልጄም እንደ እህቴ ሆነችብኝ» ስትለው ሰማሁ። ድምፅዋ ተሰባብሮ ነበር። እኔ ግን የተረዳሁት ሌላ ነው፤ ሁለታችንንም መመረዟን እያመነች መሰለኝ።

እንዲያም ሆኖ እጇ ናፈቀኝ። ይህን ነው ከሁሉ በላይ የማስታውሰው። የሚያሳክከውን አይደለም።

ሐሙስ ከሰዓት ከጋጣው ጀርባ ሄድኩ። ፍየላችን አጥር ላይ የወጣውን ሐረግ ቅጠል በቅጠል ትቀነጥሳለች፤ ዐይኗን ጨፍና ታላምጣለች፤ ምንም አልሆነች። ተንበረከክሁና ጸለይኩ። «ጌታ ሆይ፣ እናቴን መርዝ አድርገህ የፈጠርካት በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ብቻ እኔን ፍየል አድርገኝ። ያኔ ትይዘኛለች።» አሜን ካልኩ በኋላ ዝም ብዬ መጠበቅ እምነት የጎደለኝ መሰለኝና አንድ ቅጠል በጥሼ ወደ አፌ አቀረብኩ።

እጄ በዱላ ተመታ። ቅጠሉ ወደቀ። አባባ ሆባርት ባልዲ ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«በልተሻል? አፍሽን ክፈቺ! በልተሻል ወይ?»

«አልበላሁም።»

ያዙኝና እየጎተቱ ወደ ጅረቱ ወሰዱኝ። ቤት የተሠራውን የአመድ ሳሙና ከኪሳቸው አወጡ፤ ያ ሳሙና መቼም አይለያቸውም። በቀዝቃዛው ውሃ እጄን ፈተጉ፤ በጣቶቼ መካከል፣ በጥፍሬ ሥር፣ እስከ ክንዴ። አለቀለቁና ደግመው ፈተጉ። ሦስተኛም ደገሙ። ውሃው አጥንት ይቆረጥማል። ከዚያ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ አገጫቸውንም ዱላው ላይ አሳረፉ።

«ለምን ነበር?»

«ፍየል ለመሆን።»

አልሳቁም። «ፍየል ሆነሽ ምን ልትሆኚ?»

«እማዬ እንድትይዘኝ።»

 የእሳቸው ዝምታ ሰውን ያናግራል፤ ልነግራቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ሽማግሌን ሰው ልጅህ መርዝ ናት እንዴት ይለዋል? ያለቅሳሉ ብዬ ፈራሁ። «በረደኝ» ብዬ ሄድኩ። ያቺ ቅጠሉን የያዘች እጄ ደግሞ ምንም ሳይወጣባት ቀረች። አባባ ዲያቆን ስለሆኑ እጃቸው መርዝ ያሸንፋል አልኩ። ሳሙናውን አልቆጠርኩትም።

እሑድ የእግር ማጠብ ቀን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን በዓመት አንድ ጊዜ ይሆናል። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተዋል፤ ሴቶቹ በግራ፣ ወንዶቹ በቀኝ ተቀምጠዋል፤ በካርቶን ማራገቢያ ይራገባሉ። ሰባኪው ወንድም አርቪል የመዝሙሩን ስንኝ ይሰጣል፤ ሕዝቡ እየጎተተ ይቀበለዋል። የቆርቆሮ ሳፋዎቹ ከጉድጓድ በተቀዳ ውሃ ተሞልተው ወለሉ ላይ ተደርድረዋል። በልቡ በሌላው ላይ ነገር የያዘ ሰው ፎጣ ይታጠቅና እግሩን ሊያጥብ ወደዚያ ሰው ይሄዳል። የሚያስገድድ የለም። አራት ዓመት ሙሉ እናቴ የእትዬ አይሲን እግር፣ አክስቴ የሌላ ሴት እግር ሲያጥቡ ነበር የኖሩት።

በዚያን ቀን እናቴ ተነሣች፤ ረጅሙን ፎጣ ወገቧ ላይ አሠረች፤ ሳፋ አነሣች። እትዬ አይሲ እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። እናቴ አለፈቻቸው። አክስቴ ዴልፊ ፊት ሄዳ ተንበረከከች።

የሴቶቹ ማራገቢያ ሁሉ ቆመ።

አክስቴ መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ጎንበስ ብላ ካልሲዋን ቀስ እያለች ወደ ታች ጠቀለለችው። ቅልጥሟ ላይ ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዱላ የሚያህል ቀጥ ያለ ቀይ መስመር ወጥቶ ነበር፤ ውሃ ቋጥሯል። እናቴ እጇን ወደዚያ እግር ዘረጋች።

እንዴት ከአግዳሚው እንደዘለልኩ አላውቅም።

«አትንኪያት! እማዬ፣ አትንኪያት! ትሞታለች!»

መዝሙሩ ተቆረጠ።

«ኔቫ! ምን ሆነሻል?»

«መርዝ ነሽ!» አልኩ።  «የነካሽው ሁሉ ይቆስላል። እኔም ሎኒም ቆስለናል። አክስቴን አንዴ አቁስለሻታል፤ ሁለተኛ አትችልም።»

ከእናቴ እጅ ላይ ውሃው ይንጠባጠባል። «ማነው እንዲህ ያለሽ?» አለች በጣም ቀስ ብላ።

ማንንም ልናገርበት አልፈለግሁም። ግን ዐይኔ ሄደ። ሰው ሁሉ ዐይኔ የሄደበትን አየ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የአክስቴ ዴልፊ ፊት እስከ ጆሮዋ ቀላ፤ ይኼኛውን ሐረጉ አላመጣውም።

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ ያልኩት። በረንዳ ላይ። አይሲ ምስክሬ ናት።»

እትዬ አይሲ በማራገቢያቸው ፊታቸውን ከለሉ።

እናቴ አንገቷን ደፋች። ተነሥታ የምትወጣ መሰለኝ። እኔ ብቻ ሳልሆን ሁሉም እንዲያ መሰለው፤ ወንድም አርቪል መዝሙሩን ሊያነሣ አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው። እናቴ ግን ከተንበረከከችበት አልተነሣችም።

«እግርሽን አምጪ፣ እታለም» አለች።

ይህን ቃል አራት ዓመት ማንም አልሰማውም። አክስቴ ካልሲዋን ጨርሳ አወለቀች።

«እንግዲህ ካቆሰልሽኝ አይቀር እጠቢኝ» አለችና እግሯን ሳፋው ውስጥ ከተተች። ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሳቋም ወዲያው ወደ ለቅሶ ዞረ።

እናቴ በእፍኟ ውሃውን እያፈሰሰች አጠበቻት። እኔ ከአጠገባቸው ቆሜ አክስቴ ስትሞት እጠብቃለሁ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ለእናቴ ብቻ መሆን ያለበትን ተናገረች።

«ሐምሌ ነበር እኮ ኦርፋ፤ ሙቀቱ ያነድ ነበር። በረዶ አጣን። ሁለት ቀን ጠበቅሁሽ። ከዚያ በላይ… እንዲያ ሆና እንድታያት አልፈለግሁም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በሰው ፊት? ስለ እናታችን?»

እናቴ ፊቷን የእህቷ ጉልበት ላይ ደፋች። የበረዶው ነገር ለእኔ አልገባኝም። ለመጠጥ መሰለኝ፤ በበረዶ ይህን ያህል ይለቀሳል እንዴ አልኩ። የገባኝ ካደግሁ በኋላ፣ በሙቀት ወር የራሴን ሰው አጥቤ የገነዝኩ ጊዜ ነው፤ ያለ በረዶ ሬሳ አይቆይም። አክስቴ እናቷን እስከ መጨረሻው ሸፈነቻት፤ ስትሰደብ እንኳ አልገለጠቻትም።

ከዚያ ቦታ ተለዋወጡ። አክስቴ ፎጣውን ከእናቴ ወገብ ፈትታ ታጠቀችና ተንበረከከች። አልሞተችም።

ምሳው ከዛፎቹ ጥላ ሥር ተዘረጋ፤ የተጠበሰ ዶሮ፣ ባቄላ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ እትዬ አይሲ የሠሩት የፖም ኬክ። አባባ ሆባርት እኔን አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ፤ እናቴንና አክስቴን ግራና ቀኝ።

«አሁን ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ማን የት ያዘሽ? መቼ ወጣ?»

ነገርኳቸው። አንጓዬን፣ ጉንጬን፣ የሎኒን ሆድ፣ የሐሙሱን ክንዴን፤ አንድም አላስቀረሁም። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ዱላቸውን አነሡና የአክስቴ ቅልጥም ላይ፣ በቀዩ መስመር ልክ አስደገፉት። ገጠመ።

«ይህ የዶማ እጀታ ነው። ስታርፊ ቅልጥምሽ ላይ አስደግፈሽዋል። አንገትሽ ደግሞ የተሸከምሽበት ነው። ከአንቺ በፊት ማን ነው የያዘው?»

«እኔ» አለች እናቴ።

«ሽርጥሽንስ? ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አጥበሻታል?»

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የሥራ ሽርጥ ናት ብዬ…»

«እንጨት ቆራጭ በነበርኩ ጊዜ» አሉ አባባ፣ «መላ ሰውነቱ ውሃ ከቋጠረ ሰው ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኛሁ፤ ቦታ አልነበረም። ታጥቦ ነበርና ምንም አልያዘኝም። መጥረቢያውን የተዋሰው ሰው ግን በሦስተኛው ቀን ዐይኑ ተደፈነ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የሚያጋባው የቁስሉ ውሃ አይደለም አይሲ፤ ሰው ሁሉ እንዲያ ይላል፣ እኔም እል ነበር። ወዙ ነው። በልብስም፣ በእጀታም፣ በውሻ ፀጉርም ይሄዳል። ታጥቦ ካልወጣ ይከርማል።»

እናቴ እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው። «እንግዲህ ልጄ ልክ ነበረች። እኔው ነኝ ያዛመትኩት።»

«ይዘሽ ዞርሽ እንጂ መርዙ አንቺ አይደለሽም» አሉ አባባ።

«እሷስ ሁለት ሳምንት ነው የያዘችው» አለች አክስቴ የዶሮ አጥንት እየጋጠች። «እኔ አራት ዓመት ይዤ ዞሬ የለ!»

የዚያን ቀን ከሰዓት ሁለቱም እሑድነቱን ረስተው ጅረቱ ዳር ወረዱ። ሽርጧን ለብቻዋ አጠቡ፤ የዶማውን እጀታ፣ የጫማዎቹን ክር ሳይቀር በሳሙና ፈተጉ። ውሻችንን ሁለት ሆነው ይዘው ሲያጥቡት ጩኸቱ ሸለቆውን አናወጠው። አክስቴ እጇ ቁስል ስለነበር አባባ ጓንት አስደረጓት። በመጨረሻ እናቴ እስከ ክርኗ ታጠበች፤ አለቅልቃ ደገመች፤ ሦስተኛ ደገመች። ከዚያ መጥታ ሁለቱን እጆቿን ፊቴ ዘረጋች።

«እስቲ መርምሪኝ።»

አሸተትኳቸው። የአመድ ሳሙና ይሸታሉ፤ ቀልተዋል፤ ቀዝቅዘዋል። ዞርኩና የቁራ ጎጆዬን ሰጠኋት። አክስቴ ሎኒን ይዛ አጠገባችን ተቀመጠች። እናቴ ማበጠሪያ አልያዘችም ነበር፤ በጣቶቿ ፈታችው። ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ እኔም እንዳይፈታ ጸለይኩ።

አባባን በሴት አያቴ አጠገብ ካሳረፍናቸው ብዙ ዘመን ሆነ። መቃብር የሚጸዳበትን ቅዳሜ አሁን የማስተባብረው እኔ ነኝ። ልጆቹን መጀመሪያ በሩ ላይ አቁሜ ባለ ሦስት ቅጠሉን አሳያቸዋለሁ፤ በብርዱ ወራት ቅጠሉ ሲረግፍ ደግሞ ፀጉራሙን ገመድ። እጅጌያችሁን እስከ ታች፣ ጓንታችሁን እስከ ላይ እላለሁ። እሳት የሚባል ነገር የለም። በሩ ላይ ሁለት ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃና ሳሙና አስቀምጣለሁ፤ እዚያ ሳይታጠብ ልጁን የሚያቅፍ፣ ምግብ የሚነካ፣ መኪና የሚገባ የለም። ልጆቹ «የኔቫ ጥምቀት» ይሉታል። ይሳቁ፤ ብቻ ይታጠቡ።

እናቴ እስከ ስልሳ አንድ ዓመቷ ጓንት አላደረገችም። የፍየሉን ቀልድ በየዓመቱ ትደግመው ነበር። እንዲህ ያለው ስጦታ ግን ለዕድሜ ልክ የተሰጠ አይደለም፤ አንዳንድ ሰው ሲያረጅ ይወሰድበታል። በስልሳ አንደኛው ዓመቷ፣ ካጸዳን በሁለተኛው ቀን፣ ክንዶቿ እስከ ክርን አብጠው ቀልተው አገኘኋቸው። ወሬው ጅረቱን ለመሻገር ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። አክስቴ ዴልፊ ሮዝ ቀለም ያለውን የማሳከኪያ መድኃኒት ጠርሙስ ይዛ፣ ከበሩ ጀምራ እየሳቀች መጣች።

«እሰይ! ቀንድሽ ወለቀ?»

«ሂጂ ከዚህ» አለች እናቴ። ማልቀስና መሳቅ ተምታቶባት ነበር።

አክስቴ ወንበር ስባ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጠች። መድኃኒቱን ባዶ መዳፏ ላይ አፈሰሰች።

«ጓንት አድርጊ እንጂ እታለም፤ ይይዝሻል» አለቻት እናቴ።

«በሳሙና ታጥበሻል?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ታዲያ ምን ያስፈራኛል?» አለች አክስቴ። «አምጪ እጅሽን።»